ገጽ መቶ አምሳ አራት

«ቆይ፣ አታንቀሳቅሺው!» አለች ሃያት። «ወደ ላይ መልሺው። እዚያ ጋ። በቃ፣ አቁሚው።»

እጸገነት ጣቷን ከማውሱ ላይ አነሳች። በስክሪኑ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ የጎበኙ አንባቢዎች መዝገብ ተዘርግቷል፤ የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ሆነው እንደከፈቱ ያሳያል። የአብዛኛው ሰው አካሄድ የታወቀ ነው። ሽፋኑን ይከፍታል፣ ማውጫውን ያያል፣ ገጽ ሦስት ላይ ሲደርስ ይሰለቸውና ይወጣል። አንዱ አንባቢ ግን ትናንት «ባሕርና ነፋስ» የሚለውን የድሮ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ከፍቶ በቀጥታ ገጽ 41 ሄዷል። ከዚያ ገጽ 112። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ 7። ከዚያ ገጽ 88። ከዚያ ወጥቷል።

ከትናንት ወዲያም እንዲሁ አድርጓል፤ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። መጽሐፉ በኢንተርኔት በነጻ ከተለቀቀ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዘጠኙንም ቀን፣ ልክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው እነዚህን አራት ገጾች በዚሁ ቅደም ተከተል ከፍቷል።

ሃያት ቁጥሮቹን ለማንበብ ስክሪኑን ማየት አላስፈለጋትም። አርባ አንድ፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሰባት፣ ሰማንያ ስምንት። ቄራ፣ እናቷ ቤት፣ ቁምሳጥኑ በር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፈው ሰባት ዓመት ሙሉ ስታያቸው ኖራለች።

የጻፈቻቸው እናቷ ነፊሳ ናት። የሃያት ታላቅ ወንድም መሐመድአሚን በ1999 ዓ.ም. ለማንም ሳይናገር በሶማሊያ ወደብ በቦሳሶ አድርጎ ወደ የመን ሊሻገር ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ደወለ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከኋላው ነፋስ ይጮኻል፤ እሱ ግን ይስቅ ነበር። «እማ፣ ይሄን ለሃያት ስጫት» አለና ቁጥር መጥራት ጀመረ። ነፊሳ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን በርበሬ ስትቸረችር የኖረች ሴት ናትና ቁጥር አይጠፋትም። በእጇ የገባውን እስክሪብቶ ይዛ ቁምሳጥኑ ላይ ጻፈች። ከሰማንያ ስምንት በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

ቤተሰቡ በሙሉ የደላላው ስልክ ነው አለ። መንገድ ላይ ያለ ልጅ ሌላ ምን ቁጥር ይሰጣል? መጨረሻው እንደጎደለ ግልጽ ስለነበር ሃያት የጅቡቲን የስልክ መነሻ፣ የየመንን መነሻ፣ የሳዑዲን መነሻ እያስቀደመች፣ ከኋላው አሃዝ እየቀጠለች ለወራት ደወለች። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ አንስቶ በዐረብኛ ጮኾ ዘጋባት። ነፊሳ ከሰውየው ጀርባ የልጄን ሳል ሰማሁ ብላ አንድ ሳምንት እህል አልቀመሰችም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የግቢያቸው በር ተቆልፎ አያውቅም። «የመጣ ቀን ደጅ አይቁም» ትላለች ነፊሳ። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ በር የገባው ግን ሌባ ብቻ ነው። በርሜል ወስዷል፣ ሳፋ ወስዷል፣ አንዴማ የተሰጣ በርበሬ ከነሸራው ጠቅልሎ ሄዷል። በዚህ ሳምንት አጎቷ ዓብዱልሀኪም ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። «ላም አለኝ በሰማይ ይብቃን፣ ነፊሳ» አላት። «ሙት ከሆነ ዱዓ ይገባዋል። ሐቁን አትከልክይው።» ነገ ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ፣ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለታል፣ ሰደቃ ይወጣለታል። የሰደቃው ዕቃ ግቢ ውስጥ ስለሚያድር በሩ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቆለፋል። ጓጉንቸር እንድትገዛ የታዘዘችው ሃያት ናት። ጠዋት ካዛንቺስ መናኸሪያ አጠገብ ገዝታው ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል።

«ቦት ነው ባክሽ» አለች እጸገነት ማስቲካዋን እያኘከች። ሃያት በምትሠራበት በዚህ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ባለሙያዋ እሷ ናት፤ በዓለም ላይ ያለውን ችግር ሁሉ አጥፍቶ በማብራት የሚፈታ ይመስላታል። «ማለቴ፣ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም አለ። ሰው አይደለም።»

«ፕሮግራም ከሆነ ለምን ከአንድ አይጀምርም?»

«በቃ ራንደም ነዋ፣ የመጣለትን ነው የሚከፍተው።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ራንደም?»

እጸገነት ማኘኳን አቆመች። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።

«ከየት ሆኖ ነው የሚከፍተው?» አለች ሃያት።

የሌሎቹ አንባቢዎች ቦታ በየረድፉ ተጽፏል፤ አዳማ፣ ጅዳ፣ ናይሮቢ፣ ደሴ። የዚህኛው ባዶ ነው። እጸገነት ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ባዶነቱ አልተለወጠም።

«ቦታውን የደበቀ ሰውም ቢሆን እኮ ‹ያልታወቀ› ነው የሚለው» አለች። «ባዶ አይሆንም። ባዶ የሚሆንበት መንገድ የለውም።»

«እስቲ ገጽ 41ን ክፈቺልኝ።»

ከፈተችላት። በወርኃ ክረምት ከውቅያኖስ ስለሚነሱ ነፋሶች የሚያትት ንጹህ ገጽ ነው። ከጽሑፉ በቀር ምንም የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ መጻሕፍቱ ስካን ከተደረጉ በኋላ ጠርዛቸው በሶፍትዌር ይቆረጣል። አንባቢ የጫጫረው፣ የሻይ ክብ፣ የቅባት ጣት ሁሉ አብሮ ይወገዳል። ይህ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የአቶ አጽብሃ ጥብቅ ደንብ ነው። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ከታጠረና የቤተ መጻሕፍቱም ቤት የመፍረስ ተራው ከደረሰ በኋላ፣ መጻሕፍቱ ከሚበተኑ ለዓለም በነጻ ይለቀቁ ብለው የተነሱት እሳቸው ናቸው። በየደራሲው ቤት እየዞሩ የፈቃድ ፊርማ ለምነዋል። በመግቢያው በር ላይም «ማንም፣ የትም፣ በነጻ» የሚል ወረቀት በገዛ እጃቸው ለጥፈዋል። ስካን የተደረጉት መጻሕፍት ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ለወረቀት ፋብሪካ ይወስዳቸዋል።

ሃያት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። መደርደሪያዎቹ ባዷቸውን ናቸው። መጻሕፍቱ አሥር አሥር ሆነው በሲባጎ ታስረው ወለሉ ላይ ተከምረዋል። ጎረቤት ያለው ቤት ከፈረሰ ወዲህ ክፍሉ ድምፅ ይመልሳል። ስትራመድ ኮቴዋ ትንሽ ዘግይቶ ከግድግዳው ማዶ ይሰማታል። ስትቆም ግን ያኛው አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች፤ ሰው የለም። «ቢስሚላህ» ብላ ሲባጎ መፍታት ጀመረች።

«ባሕርና ነፋስ»ን ያገኘችው በአሥራ አንደኛው እስር ውስጥ ነው። የሽፋኑን ጀርባ ገለጠች። በእርሳስ፣ ጥግ ላይ፣ «የዚህን መጽሐፍ ሚስጥር ማወቅ ትፈልጋለህ? ገጽ 41 ተመልከት» ተብሎ ተጽፏል።

ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን ጨዋታ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ ጎረምሶች ይጽፉታል፤ አንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይልክሃል፣ ስትንከራተት ቆይተህ መጨረሻ ላይ ስድብህን ጠጥተህ ትመለሳለህ። እሷን ያስደነገጣት ግን ጨዋታው አይደለም። የአራት ቁጥርን እግር በሰረዝ እየቆረጠ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው የምታውቀው።

ገጽ 41፣ በጠርዙ ላይ፦ «እዚህ የለም። ገጽ 112 ሂድ።»

ገጽ 112፦ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው። ገጽ 7።»

ገጽ 7፦ «ትዕግሥትህ ይገርማል። ገጽ 88።»

ገጽ 88፦ «ትንሽ ቀረህ፣ በርታ። ገጽ 154። አሚን፣ 9ኛ ሀ፣ 1994።»

መሐመድአሚን የተማረው እዚሁ ካዛንቺስ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚህ ይገባ፣ መጽሐፍ ተውሶ ቤት ይወስድ ነበር። ያን ቀን፣ ነፋሱ በሚጮኽበት ቦታ ቆሞ፣ እየሳቀ ለእናቱ የነገራት የደላላ ስልክ አልነበረም። በእህቱ እያሾፈ ነበር። «ያ አላህ» አለች ሃያት፣ «እኛ ስንት ወር ደወልንበት!»

ገጽ 154ን ልትገልጥ ስትል ጣቷ አልያዘላትም። ገጹና ፊት ለፊቱ ያለው 155 ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ዳራቸው ላይ ቡናማ ዕድፍ አለ። ሽታው የለም፤ ግን አስታወሰችው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሚን ያመጣውን መጽሐፍ ሥዕሉን ልታይ ከፍታ ስኳር የበዛበት ሻይ ደፋችበት። እንዳይቀጡ ፈርተው ፍራሽ ሥር ሸሽገው አደረቁትና አሚን ዝም ብሎ መለሰው። የመጨረሻውን ገጽ የዘጋችው እሷው ናት።

መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠግታ ደረጃውን ወጣች።

«እጹ፣ ገጽ 154ን ክፈቺ።»

እጸገነት ቁጥሩን ጻፈች። ድረ ገጹ «አልተገኘም» አላት። ወደ ኋላ ሄዳ አየች፤ ከ153 ቀጥሎ የሚመጣው 156 ነው። «ስካን ሲያደርጉ ሁለቱን ገጽ አብረው ገልጠውታል» አለች። «ተጣብቆ ነበር እንዴ?»

«ሳይገኝ የቀረ ገጽ የሚመዘገብበት ቦታ የለም?»

«አለ እንጂ፣ ለብቻው ነው። ማንም አያየውም።» ከፈተችው። የአሁኑን የእሷን ሳይጨምር ዘጠኝ መስመር አለ። ዘጠኝ ቀን፣ በየቀኑ፣ ከአሥር ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፦ ባሕርና ነፋስ፣ ገጽ 154፣ አልተገኘም።

እጸገነት ከወንበሯ ጀርባ የተሰቀለውን ሹራብ አንስታ ለበሰች። ውጭ ፀሐይ ነው።

«ሃዩ፣ የተለቀቀው ፋይል ላይ እኮ ጠርዙ የለም» አለች ቀስ ብላ። «ቁጥሮቹን የሚያይበት ቦታ የለውም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር...» አልጨረሰችውም።

በዚህ መሃል አቶ አጽብሃ ገቡ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰክቷል፣ በእጃቸው የመጻሕፍቱን ዝርዝር ይዘዋል። «መኪናው መጣ! እስከ አሥር ተኩል ጭነው እንዲወጡ ነው የምፈልገው። ሃያት፣ ያ የያዝሽው ከእስሩ የወጣ አይደለም እንዴ?»

«ገጽ ጎድሎበት ነው ጋሼ። 154 እና 155። እንደገና ስካን አድርጌ ልጨምረው።»

«የጎደለ ገጽ ይጨመራል። ጎበዝ።»

«ጠርዙን ሳልቆርጥ።»

አቶ አጽብሃ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አወረዱ። «ለምን ተብሎ? የአንድ ጎረምሳ ጭረት ለዓለም ልናሳይ ነው? ደራሲው የፈቀዱልን የራሳቸውን ጽሑፍ ነው እንጂ የማንንም ሙጭርጭር አይደለም።»

«ጋሽ አጽብሃ፣ በሩ ላይ ‹የትም› ብለው ጽፈዋል። የትም ማለት እስከ የት ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ኢንተርኔት እስከደረሰበት ነዋ።»

«የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች ሃያት።

አቶ አጽብሃ የነገውን ያውቃሉ፤ ለሰደቃው የምትሄድበትን ፈቃድ ራሳቸው ናቸው የፈረሙት። መጽሐፉን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የተደረደረውን ዘጠኝ መስመር አዩ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም።

«እኔ ታች ወርጄ ጭነቱን ልቆጣጠር» አሉ በመጨረሻ። «የማላየውን ነገር ቁረጪ ልልሽ አልችልም። መጽሐፉ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ተፈርሞበታል። ከመኪናው መቅረት የለበትም፣ ልጄ።»

ሃያት ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ወስዳ በሁለቱ ገጾች መካከል አስገባች። ስንጥቅ በስንጥቅ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ለፋች። ስኳሩ እየተሰባበረ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ገጹ ሲላቀቅ አንድ ጥጉ ተቀደደ እንጂ ጽሑፉ አልተነካም። እርሳሱ ትናንት የተጻፈ ያህል ጥቁር ነው፤ ብርሃን አግኝቶት አያውቅም።

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ለዚህ ነው? ሥራ ፈት! በል አሁን መጽሐፉን ዝጋና ወደ ቤትህ ግባ። እናትህ ትጠብቅሃለች።»

ሃያት ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና አለቀሰች፤ ሰባት ዓመት እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም። እጸገነት ምን እንደምታደርግ ስለጠፋት ትከሻዋን ይዛ ቆመች፤ እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንልቀቀው?» አለች ቆይታ።

«እንልቀቀው።»

ጠርዙ ሳይቆረጥ፣ ከነሻዩ ዕድፍ፣ ከነተቀደደው ጥግ ስካን አደረጉት። ድረ ገጹ ላይ መጫን ሲጀምር አሥር ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም አለና ሁለቱም ባንድነት «በስመ አብ!» «ያ ረቢ!» አሉ፤ ግን አልጠፋም። ሰማያዊው መስመር እየተጎተተ ሞላ። እጸገነት የአንባቢዎቹን መዝገብ ከፈተች። ታች ጫኞቹ እስሮቹን ወደ መኪናው ሲወረውሩ ይሰማል።

አሥር ሰዓት ሆነ።

ባሕርና ነፋስ፣ ገጽ 41። ቦታ፣ ባዶ።

እጸገነት የሃያትን እጅ ያዘች። ገጽ 112። ገጽ 7። በየመሃሉ ያለው ጊዜ የሚያነብ ሰው ጊዜ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይምም። ገጽ 88 ላይ ቆየ። ሃያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ይሁን ቁጥሩን እየጠራች እሷም አላወቀችውም።

ገጽ 154። ተገኝቷል።

ከአሁን አሁን ይወጣል ብለው ጠበቁ። አልወጣም። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ሦስት መስመር ለማንበብ ሰባት ደቂቃ ማንም አይፈጅም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መስመሩ ደበዘዘ። መጽሐፉ ተዘጋ።

«ዘጋው» አለች እጸገነት በሹክሹክታ። «ሃዩ፣ እውነት እልሻለሁ፣ እኔ እንደዚህ ያለ ነገር... ለሰው አትንገሪ፣ እሺ? አብደዋል ነው የምንባለው።»

«የመጨረሻው እስር የታለ?» ብሎ አንዱ ጫኝ ከታች ጮኸ። ሃያት ወርዳ ምድር ቤቱ ውስጥ የቀሩትን ዘጠኝ መጻሕፍት በሲባጎ አሰረችና አቀብላው ተመለሰች። አሥረኛው ጠረጴዛዋ ላይ ቀረ። አቶ አጽብሃ በመስኮቱ በኩል ቀና ብለው ሲያዩዋት ዓይኗን አልሸሸችም። ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ሾፌሩን በእጃቸው ሂድ አሉት።

ከጠረጴዛዋ ጎን መቆለፊያው የተሰበረ የብረት ካቢኔት አለ። መጽሐፉን በሻርፗ ጠቅልላ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ አዲሱን ጓጉንቸር ከነላስቲኩ አወጣች፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችና ካቢኔቱን ቆለፈችበት። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። ከኋላዋ ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ድስት ሲጋጭ ይሰማል።

«ጓጉንቸሩን ገዛሽ ወይ? ዓብዱልሀኪም ሦስቴ ጠየቀኝ።»

«ገዝቼው ነበር፣ እማ። ለሌላ ነገር ሆነ።»

«ለምን ነገር?»

«መጥቼ እነግርሻለሁ። ቁጥሩን አግኝቼዋለሁ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ። የእኛ በር ግን ዛሬም አይቆለፍ።»

ቢላዋው ሰሌዳውን ሲመታ፣ አንዷ ሴት ስታስነጥስ ተሰማ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ አጎትሽስ ምን ይላል አላለችም። ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ ግቢው ውስጥ ላለች ለአንዷ ስትናገር ሃያት ሰማቻት።

«ፈትያ፣ በሩን ተዪው እናቴ። ገርበብ ብሎ ይደር።»